የትኛውን ቅጽ ልግዛ? ለኔትወርክ የሙያ ፈተና መጽሐፍን ስለ መምረጥ

(ከዚህ በታች የቀረበው በጉርድ ሾላ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከተሰጠ ንግግር የተገለበጠ ጽሑፍ ነው። የንግግሩ ለዛ በተቻለ መጠን ተጠብቋል፤ በመጨረሻ ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ ከነመልሳቸው ተካተዋል።)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በየመንፈቀ ዓመቱ ቢያንስ አምስት ስድስት ተማሪዎች የቢሮዬን በር አንኳኩተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «መምህር፣ ለሲሲኤንኤ የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?» እኔም ለብዙ ዓመታት የአንድ መጽሐፍ ስም ጠርቼ አሰናብታቸው ነበር። ዛሬ ያ መልስ ለምን በቂ እንዳልነበረ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የጠራሁት መጽሐፍ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ፈተና እንደሚወስድና ከዚያ በፊት ምን እንዳነበበ ሳልጠይቅ መመለሴ ነው ጥፋቱ።

በዚህ አዳራሽ ሌላ ሙያ ያላችሁ እንግዶችም ስላላችሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ልግለጽ። ሲሲኤንኤ የሚባለው ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሰጠው የኔትወርክ ባለሙያዎች የመግቢያ ደረጃ ምስክር ወረቀት ነው። ራውተርና ስዊች የሚባሉትን መሣሪያዎች ማዋቀር፣ የአይፒ አድራሻ መከፋፈልና ብልሽት መፈለግ የሚችል ሰው መሆንን ያረጋግጣል። ፈተናው 120 ደቂቃ ይወስዳል፤ ምስክር ወረቀቱ ለ3 ዓመት ያገለግላል። በአገራችን በባንኮች፣ በቴሌኮም ተቋማትና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ስሙን ያላያችሁ የምትኖሩ አይመስለኝም።

የመጽሐፍ ምርጫ ከባድ ጉዳይ የሆነበት የመጀመሪያ ምክንያት ገንዘብ ነው። የፈተናው ዋጋ 300 ዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ወደ 17,000 ብር ይጠጋ ነበር። በዚያ ቀን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ያው ፈተና ከ30,000 ብር አለፈ። የወደቀ ሰው እንደገና ሲቀመጥ እንደገና ሙሉውን ይከፍላል። እንግዲህ አንድ አዲስ ተመራቂ በተሳሳተ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ቢወድቅ የሚከስረው የወራት ደመወዙን ነው። ሌላ አገር ያለ ተፈታኝ «ልሞክረው፣ ካልሆነ እደግመዋለሁ» ሊል ይችላል። የእኛ ተማሪ ግን እንዲህ ለማለት አቅም የለውም።

የራሴን ታሪክ ባልናገር ከእውነት የሸሸሁ ይመስለኛል። በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በአንድ ኮፒ ቤት ሁለት ወፍራም ጥራዞች በስፓይራል ታስረው አገኘሁ። ሽፋናቸው ባዶ ወረቀት ነበር። ያባዛቸው ሰው ወረቀት ለመቆጠብ ይመስለኛል የመጀመሪያዎቹን ገጾች ትቷቸዋል፤ ስለዚህ እትሙም የፈተናው ቁጥርም አይታይም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ርካሽ መሆኑ በቃኝ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ዐሥር ወር ያህል አነበብሁ። ፍሬም ሪሌይ የተባለውን የሰፊ አካባቢ ኔትወርክ ቴክኖሎጂ ብቻ ሦስት ሳምንት ወሰድሁበት፤ ሥዕላዊ መግለጫዎቹን በቃሌ እስክሥል ድረስ። ጳጉሜን ላይ ለመመዝገብ ስሄድ መጽሐፉ የተጻፈለት ፈተና፣ ቁጥሩ 200-120፣ በነሐሴ ወር መሰጠቱ እንዳበቃ ተነገረኝ። የተተካው 200-125 ነበር። ፍሬም ሪሌይ ከአዲሱ ፈተና ወጥቷል፤ እኔ አንድም መስመር ያላነበብሁባቸው ስለ ደመና አገልግሎትና በሶፍትዌር ስለሚመራ ኔትወርክ የሚጠይቁ ርእሶች ገብተዋል። ጥፋቱን በኮፒ ቤቱ ላይ ማላከክ ይቻል ነበር። ነገር ግን ሲስኮ የፈተናውን የርእስ ዝርዝር በነጻ ለማንም ሰው ይፋ ያደርጋል፤ እኔ ዐሥር ወር ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለከትሁትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መጽሐፋችሁ መጽሐፍ አይደለም፤ ጥቂት ገጾች ያሉት የርእስ ዝርዝር ነው። አሁን ያለውን ፈተና ብንወስድ ቁጥሩ 200-301 ሲሆን መሰጠት የጀመረው የካቲት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዝርዝሩ ስድስት ክፍሎች አሉት። የኔትወርክ መሠረታውያን 20 በመቶ፣ የኔትወርክ መዳረሻ 20፣ የአይፒ ግንኙነት 25፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10፣ የደኅንነት መሠረታውያን 15፣ አውቶሜሽንና ፕሮግራም 10 በመቶ ይይዛሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ግሦች በጥንቃቄ አንብቧቸው። «አብራራ» የሚለው ርእስና «አዋቅር፤ አረጋግጥ» የሚለው ርእስ የሚጠይቁት ዝግጅት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ማንበብ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ግን እጅ ይፈልጋል። አንድን መጽሐፍ ስትመዝኑ «አዋቅር» ለሚሉት ርእሶች ስንት ልምምድ እንዳዘጋጀ ቁጠሩ። ማውጫውን ከዝርዝሩ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ከማንኛውም ሰው ምክር ይበልጣል፤ ከእኔም ምክር ጭምር።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ያረጀ መጽሐፍ ሁሉ የማይረባ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ እሰጋለሁ። በ2012 ዓ.ም. የተደረገው ለውጥ ትልቅ ነበር። ሪፕና ኢአይጂአርፒ የተባሉት የመንገድ መምረጫ ፕሮቶኮሎች ወጡ፤ ኦኤስፒኤፍ ብቻውን ቀረ። የሽቦ አልባ ኔትወርክ መቆጣጠሪያ፣ ኤፒአይና ጄሰን የተባለው የመረጃ አጻጻፍ ገቡ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት የታተመ የሲሲኤንኤ መጽሐፍ ለመሠረቱ ካልሆነ በቀር ለፈተናው አይበቃም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ግን የፈተናው ቁጥር ሳይለወጥ ዝርዝሩ ወደ 1.1 ከፍ አለ፤ የክፍሎቹ ድርሻም አልተነካም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኔትወርክ ሥራ ውስጥ ያለው ሚና ተጨመረ፤ ፓፔትና ሼፍ የተባሉት የማዋቀሪያ መሣሪያዎች ወጥተው ከአንሲብል ጋር ቴራፎርም ገባ። ይህ ትንሽ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውን መጽሐፍ በእጁ የያዘ ተማሪ አዲስ ለመግዛት መበደር የለበትም፤ የተጨመሩትን ጥቂት ርእሶች ለይቶ ከሌላ ምንጭ ቢሞላቸው ይበቃዋል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት አይለየውም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። በሲስኮ ማተሚያ ቤት የሚወጣው ይፋዊው መጽሐፍ የዌንደል ኦዶም ነው። ሁለት ቅጽ ነው፤ ሁለቱ በአንድነት ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ናቸው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሁለተኛው በ2024 ወጥቷል። የኦዶም ብርታቱ ምንም ነገር አለመዝለሉ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲጀምር «ይህን ቀድሞ ታውቀው ይሆን?» የሚል አጭር መመዘኛ አለው። ብዙዎች ቸኩለው ይዘሉታል፤ እኔ ግን የመጽሐፉ ምርጥ ነገር እሱ ይመስለኛል። ከዩኒቨርሲቲ የኔትወርክ ትምህርት ይዞ የመጣ ተማሪ በዚህ መመዘኛ የሚያውቀውን ምዕራፍ እየዘለለ የማያውቀው ላይ ጊዜውን ሊያጠፋ ይችላል። ድካሙ ደግሞ ያው ሙሉነቱ ነው፤ ምንም መሠረት የሌለው ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብዛት ይታክታል።

ቶድ ላምሊ የጻፈው መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ «ቀላሉ መጽሐፍ» ተብሎ ይታወቃል። እዚህ ላይ በትሕትና ልለይ። ላምሊ ቀላል የሚሆነው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ለሆነ ሰው ነው። አንባቢውን እያጫወተ፣ እየቀለደ፣ የአገሩን አነጋገር እየቀላቀለ ይጽፋል። እንግሊዝኛን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ አድርጎ ከትምህርት ቤት የተማረው የእኛ ተማሪ የሚያውቀው የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛን ነው። ቀልዱን ለመረዳት ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ቴክኒካዊውን ነጥብ ግን በአንድ ንባብ ይረዳዋል። ደረቅ የሚባለው የኦዶም አጻጻፍ ለእኛ ብዙ ጊዜ የሚቀልለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 በሁለት ቅጽ የወጣው የጄረሚ ማክዳዌል መጽሐፍ ደግሞ ዓረፍተ ነገሮቹ ግልጽ ናቸው፤ ደራሲው በነጻ ካሰራጨው ሙሉ የቪዲዮ ትምህርት ጋር አብሮ ስለሚሄድ ለብቻው ለሚያጠና ሰው ምቹ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን ያስታውሰኛል። ቅኔ ፈላጊው ተማሪ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ሲጓዝ የሚመርጠው መምህሩን ነበር፤ የመምህሩ አነጋገር ለጆሮው ካልተስማማው ሌላ ጉባኤ ቤት ይፈልጋል። ብቻውን የሚያጠና ሰው ሌላ መምህር የለውም፤ ደራሲው ነው መምህሩ። ስለዚህ መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምዕራፍ አንብቡ። የትኛውን ብትሉኝ የሰብኔት አከፋፈሉን እላለሁ። ምዕራፉን ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዝጉና ይህን ሥሩ፤ 192.168.10.0/26 ሲከፈል ሦስተኛው ሰብኔት የት ይጀምራል? የክፍፍሉ እርምጃ 64 ስለሆነ በ128 ይጀምራል፤ ለመሣሪያዎች የሚሰጡት አድራሻዎች ከ129 እስከ 190 ድረስ 62 ናቸው፤ 191 የብሮድካስት አድራሻ ነው። ምዕራፉን ከጨረሳችሁ በኋላ ይህን ያለ ካልኩሌተር መሥራት ካልቻላችሁ፣ ምንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ያ ደራሲ የእናንተ መምህር አይደለም። ሌላውን ሞክሩ።

መምህራን ባልደረቦቼ የምትከራከሩኝ ምናልባት በሚቀጥለው ነጥብ ነው። ተማሪዎቻችን በክፍል የሚያውቋቸው የፎሩዛን፣ የታነንባም፣ የኩሮሴና የሮስ መጻሕፍት ናቸው። «ኩሮሴን ጠንቅቆ ያነበበ ተማሪ የሙያ ፈተና መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» የሚል አስተያየት በተደጋጋሚ እሰማለሁ። አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ኩሮሴና ሮስ ኦኤስፒኤፍ በመሠረቱ የዳይክስትራን አልጎሪዝም እንደሚጠቀም በሚገባ ያስተምራሉ። ያን የተማረ ጎበዝ ተማሪ አጭሩን መንገድ በወረቀት ላይ ያወጣል። ነገር ግን የ100 ሜጋቢትና የ1 ጊጋቢት መስመር ያለውን ራውተር አስቀምጡለትና ፕሮቶኮሉ ለምን ሁለቱን እኩል እንደሚያይ ጠይቁት። የዳይክስትራ እውቀት ይህን አይመልስለትም። መልሱ የሲስኮ መሣሪያ የመስመርን ዋጋ የሚያሰላው 100 ሜጋቢትን ለመስመሩ ፍጥነት በማካፈል መሆኑ ነው። ለ100 ሜጋቢቱ 1 ይደርሰዋል፤ ለጊጋቢቱ የሚደርሰው ከ1 በታች ሆኖ ሳለ ዋጋ ከ1 በታች ስለማይወርድ እሱም 1 ይሆናል። አስተዳዳሪው መነሻውን ቁጥር ካላሳደገ ፈጣኑ መስመር ብልጫ አያገኝም። ይህን የሚነግራችሁ የሙያ ፈተና መጽሐፍ ነው። በአንጻሩ የፈተና መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ትእዛዙን ያውቃል፤ ነገር ግን አንድ መስመር ሲቋረጥ ኔትወርኩ ሁሉ ለምን እንደገና እንደሚያሰላ በቅጡ ማስረዳት ያቅተዋል። ሁለቱን የሚተካካ አድርጎ ማየት ነው ስሕተቱ። ፎሩዛንን ያለፈ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን የፈተና መጽሐፍ ምዕራፎች በፍጥነት ሊያልፍ ይችላል፤ ያላለፈ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለ ንብብሮቹ አሠራር ቢያነብ ጊዜ አያባክንም።

ስለ ሁዋዌ መሣሪያዎችም አንድ ነገር ማለት ይኖርብኛል። የአገራችን የቴሌኮም መሠረተ ልማት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአብዛኛው በቻይናዎቹ ዜድቲኢና ሁዋዌ የተዘረጋ ነው። ታዲያ የሲስኮን መጽሐፍ ማጥናት ምን ይጠቅማል? አድራሻው፣ ፕሮቶኮሉ፣ የብልሽት ፍለጋው አመክንዮ አንድ ነው። የሚለየው በዋናነት የትእዛዙ ቃል ነው፤ ሲስኮ ላይ «ሾው» የምትሉትን ሁዋዌ ላይ «ዲስፕሌይ» ትሉታላችሁ፤ ለመሰረዝ «ኖ» የነበረው «አንዱ» ይሆናል። በቴሌኮም ሥራ መሰማራት የምታስቡ የሁዋዌን የመግቢያ ደረጃ ፈተና ብትመርጡ አልቃወምም፤ ይህን ግን መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑ።

ስለ «ደምፕ»፣ ማለትም ተሰርቀው ስለሚሸጡ የፈተና ጥያቄዎች፣ ብዙ አልናገርም። የሚሸጡት ፋይሎች መልሳቸው በየገጹ ይሳሳታል፤ ተጠቅሞ የተገኘም ምስክር ወረቀቱን ይነጠቃል። ደግሞም ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ስዊች ፊታችሁ ሲቀመጥ ደምፕ አይረዳችሁም።

ወደ ጥያቄዎች እንለፍ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለቱን ቅጽ ለመግዛት አቅም የለኝም፤ ኮፒ ቤት ካለው ውጭ ምን አማራጭ አለኝ?

መልስ፦ ጥያቄሽ የብዙዎች ነው። በመጀመሪያ የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ያለበት ተቋም ውስጥ ከሆንሽ ሦስቱን ተከታታይ የሲሲኤንኤ ኮርሶች እዚያው ልትማሪ ትችያለሽ። ፓኬት ትሬሰር የተባለው የመለማመጃ ሶፍትዌርም በነጻ ይገኛል፤ ራውተር መግዛት አያስፈልግሽም፤ ላፕቶፕ ይበቃሻል። ቀጥሎ የ2019ኙን እትም ከቤተ መጻሕፍት ወይም ካለፈ ሰው ተዋሺ፤ ልዩነቱ ትንሽ እንደሆነ ቅድም ተናግሬአለሁ። መግዛት የግድ ከሆነ አራት ሆናችሁ አንድ ግዙ። የመጀመሪያውን ቅጽ ሁለታችሁ፣ ሁለተኛውን ሁለታችሁ ይዛችሁ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንዱ ለሌላው ያስተምር። የማስተማር ተራው የደረሰው ሰው ከማንም የበለጠ ያነባል፤ ይህን በራሴ ተማሪዎች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ከባቡር ወርጄ ቤት የምደርሰው ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ኦዶምንም ማክዳዌልንም ልጀምር አስቤአለሁ። ሁለቱን አብሬ ላንብብ?

መልስ፦ አይ፣ ወንድሜ። በቀን አንድ ሰዓት ካለህ አንዱን ምረጥ። ባለህበት ሁኔታ ሂሳቡን አስላው፤ አንድ ሺህ ገጽ በምሽት ዐሥር ገጽ ቢነበብ መቶ ምሽት ነው፤ ልምምዱ ሲጨመር አምስት ስድስት ወር ይሞላል። ሁለቱን ከጀመርህ ፋሲካ ሲደርስ በሁለቱም ሰብኔት ላይ ትሆናለህ። ሁለተኛውን መጽሐፍ እንደ መዝገበ ቃላት ተጠቀምበት፤ አንዱ ያላስረዳህን ርእስ ብቻ ከሌላው ፈልግ። እና ዛሬ ማታ ቤትህ ስትደርስ መጽሐፉን ከመክፈትህ በፊት የርእስ ዝርዝሩን አትምና ግድግዳህ ላይ ለጥፈው፤ የጨረስኸውን ርእስ እያጠቆርህ ሂድ።